ጎታቹ ውሻ፣ መንገድ አውጪው ሰው፦ ስኪጆሪንግ በጥልቅ አዲስ በረዶ ላይ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስኪጆሪንግ ስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚያንሸራትት ረጅምና ጠፍጣፋ መጫሚያ፣ የተጫማ ሰው ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ በውሻ እየተጎተተ የሚሄድበት ስፖርት ነው። ውሻው አንድ ወይም ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይሆናል። ጋሪ የለም፣ ልጓም የለም፤ ሰውየውን ከውሻው ጋር የሚያገናኙት ገመዱና ድምፁ ብቻ ናቸው። በፈረስ የሚጎተተው ዓይነትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 በሴንት ሞሪትዝ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ለትርኢት ቀርቦ ነበር። የዛሬው ጉዳያችን ግን የውሻው ነው፤ እሱም ማሽን በደለደለው የውድድር ሜዳ ላይ ሳይሆን ሌሊቱን ሲጥል ባደረ ጥልቅ በረዶ ውስጥ።

ብዙ ሰው ይህን ነገር የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው። ውሻው እስከ ደረቱ በረዶ እየበተነ ይዘላል፣ ባለ ስኪው ከኋላ ይስቃል። ፎቶው ውሸት አይደለም፤ የሚያሳየው ግን የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ሜትሮች ነው። ከዚያ በኋላ ውሻው ይቆማል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያም ወደ ኋላ መጥቶ ስኪው በከፈተው ቦይ ውስጥ ባለቤቱን መከተል ይጀምራል። ባለቤቱ ስንፍና ይለዋል፤ አንዳንዱም ይቆጣዋል። ትክክለኛውን ሒሳብ የሠራው ግን ውሻው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአላስካ ሃስኪ የሚባለው ጎታች ውሻ ትከሻው ላይ ሲለካ ቁመቱ ከ55 እስከ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ክርኑ ያለው የዚያ ግማሽ አካባቢ ላይ ነው። እግሩ እስከ ፊት አንጓው ብቻ ሲሰምጥ፣ ማለትም ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ይሮጣል፤ ጉልበቱ ግን ቶሎ ያልቃል። ከዚያ እስከ ክርኑ ባለው ጥልቀት ሩጫው ወደ ዝላይ ይለወጣል፤ አንድ እርምጃ ለመሄድ መላ አካሉን ማንሳት አለበት። ከክርኑ ካለፈ ደረቱ በረዶውን ይገፋል፣ እግሮቹም የሚረግጡት ነገር ያጣሉ። መርገጫ የሌለው እንስሳ መጎተት አይችልም፤ ከአላስካ ይምጣ ከየትም ይምጣ ለውጥ የለውም። እዚህ ላይ የሚለካው ሰማይ የጣለው በረዶ ሳይሆን ውሻው የሚሰምጥበት ጥልቀት ነው። 50 ሴንቲሜትር አዲስ በረዶ በጠንካራ አሮጌ መንገድ ላይ ቢተኛ አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ ምንም ካልተረገጠ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ገመዱን ከማሰር በፊት ውሻውን ለቅቆ ሃያ እርምጃ ማስሄድና እግሩ የተወውን ጉድጓድ በዱላ መለካት ይገባል።

ውጤቱ ከክርን በላይ ከሆነ የዚያ ቀን ሥራ የሰው ነው። ውሻው የሚሠራው በማግስቱ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን አንድ ቀን ለመቆጠብ ሲሉ ስለሆነ ጉዳዩን ትንሽ ላብራራው።

አዲስ በረዶ አብዛኛው አየር ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ አንድ ሜትር ኩብ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ያው መጠን ውሃ 1000 ኪሎ ነው። ሲረገጥ የቅንጣቶቹ ክንፎች ይሰባበራሉ፣ አየሩ ይወጣል፣ ቅንጣት ከቅንጣት ይነካካል። ጥንካሬው ግን ያን ጊዜ ገና አልመጣም። ቅንጣቶቹ በተነካኩበት ነጥብ ላይ ቀስ በቀስ የሚያያይዛቸው አንገት ይበቅላል፤ መንገዱን መንገድ የሚያደርገው ይህ መያያዝ ነው፣ ጊዜም ይፈልጋል። ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ሙሉ ሌሊት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አሁን በተረገጠ በረዶ ላይ ውሻ ወዲያው ቢለቀቅ እግሩ እየበሳው ይገባል፣ የተደከመበትም ሥራ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል፤ ያ ጉድጓድ እንዳለ ከደረቀ ደግሞ ለሳምንት የውሻ እግር መሰበሪያ ነው። የሞተር ተንሸራታች ያለፈበት መንገድም ቢሆን ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ሳይረጋ አይነካም።

በአላስካ መሐል አገር፣ በፌርባንክስ አካባቢ፣ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። እዚያ ቅዝቃዜው ብርቱ፣ የበረዶው ንጣፍ ግን ስስ ነው። ከታች ያለው መሬት ከአየሩ ይልቅ በጣም ስለሚሞቅ እንፋሎት ከሥር ወደ ላይ ይጓዛል፣ የታችኛውንም በረዶ እየለወጠ እንደ ስኳር የሚፈስ ሻካራ ቅንጣት ያደርገዋል። ይህ ዓይነቱ በረዶ ቢረገጥ ቶሎ አይያያዝም፤ ከመንገድ ዳር የወጣ ሰው በቀጥታ እስከ መሬት የሚሰምጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እዚያ መንገድ የሚወጣው ክረምቱ ገና ሲጀምር ነው። በየጊዜው የሚጥለው በረዶ ቶሎ ቶሎ ከተረገጠ እንፋሎቱ ሳይለውጠው ይያያዛል። እስከ ጥር ድረስ ቆይቶ መጀመር ዋጋ ያስከፍላል።

አረጋገጡ ራሱ ዘዴ አለው። በስኖውሹ፣ ማለትም በረዶ ላይ እንዳይሰምጡ በሚጫሙት ሰፊ መርገጫ፣ ከሆነ ሲሄዱ የተዘለለውን ቦታ ሲመለሱ መርገጥ ነው። በስኪ ከሆነ ሁለቱ ስኪዎች ሁለት ቦይ ይከፍታሉ፣ በመካከላቸውም ሸንተረር ይቀራል፤ ውሻው ደግሞ መሐል ለመሐል ነው መሮጥ የሚፈልገው። ስለዚህ በመመለሻ ላይ በግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ሸንተረሩን መጨፍለቅ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛ ጊዜ ቢታለፍበት ደግሞ የተሻለ ይሆናል። ስፋቱ ከ60 እስከ 80 ሴንቲሜትር ይበቃል። መታጠፊያ ላይ ግን ወደ ውስጥ በኩል ያለው ጎን ሰፋ ተደርጎ ይረገጥ፤ ውሻው አስቀድሞ ሲታጠፍ ገመዱ ሰውየውን አቋራጭ ይስበዋልና፣ ያልተረገጠ ከሆነ የሚገባው እዚያ ነው። መነሻው ላይ ሦስት ሜትር በአምስት ሜትር የሚሆን መደብ፣ መመለሻው ላይም ገመድ ሳይጠላለፍ የሚዞርበት ክብ ይረገጥ። ጉልበት በሚደርስ በረዶ አንድ ሰው በሰዓት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ያወጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ሁለት ሰዎች በየአሥር ደቂቃው ፊትና ኋላ እየተቀያየሩ ከሄዱ ሥራው ይቀላል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለሻ መንገድ ካለ ብዙ ነው።

ሜዳ ላይና ሐይቅ ላይ በሚያልፈው ክፍል በእንጨት ምልክት ይደረግ፤ በየሠላሳ እርምጃው አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎን። በማግስቱ 15 ሴንቲሜትር ቢጨምርበት ወይም ንፋስ ቢያለብሰው ሰው መንገዱን አያየውም። ልምድ ያለው ውሻ ግን ጠንካራውን መሬት በእግሩ እየዳበሰ ያገኘዋል። እንዲህ ሲሆን አፍን ዘግቶ እሱን መከተል ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ከሁሉ በፊት ስኪው የብረት ጠርዝ የሌለው ይሁን። ወድቀው ሲንሸራተቱ ወይም ውሻው በድንገት ሲቆም ስኪው የሚያርፈው በኋላ እግሩ ላይ ነው፤ የብረት ጠርዝ ደግሞ ጅማት ይቆርጣል። ችግሩ በየሱቁ ለጥልቅ በረዶ ተብሎ ከሚሸጠው ሰፊ ስኪ ውስጥ ብዙው ባለ ብረት ጠርዝ መሆኑ ነው፤ ሲገዙ ጠርዙን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። በውድድር ሜዳ የሚያገለግለው ጠባቡ ስኪ እዚህ ይሰምጣል። ፊንላንዳውያን ለጫካቸው የሚሠሩት ረጅም ስኪ፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሚያልፈው፣ በረዶ ላይ ለመንሳፈፍ ግሩም ነው፤ ቁጥቋጦ መሐል መዞር ግን መከራ ነው። ለአብዛኛው ሰው ከ6 ሴንቲሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ሆዱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የተፈለፈለ የጉዞ ስኪ ይበቃዋል። ባለ ስኪው በእጁ ይዞ የሚገፋባቸው ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው ክብ ሰፊ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል መሆን አለበት፤ ለውድድር የተሠራው ትንሹ ክብ በዚህ በረዶ ውስጥ መርፌ ነው።

ገመዱ የሚታሰርበት የሰውየው ቀበቶ ሰፋ ያለ ሆኖ ዳሌ ላይ እንጂ ወገብ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ወደ ላይ እንዳይሸሽም በጭን ዙሪያ የሚያልፉ ማሰሪያዎች ይኑሩት። ገመዱ ከ2.5 እስከ 3.5 ሜትር ይሆናል፤ ድንገተኛ መሳብን የሚያለዝብ ላስቲክ በውስጡ አለው። ለጥልቅ በረዶ ረዘም ያለው ይመረጣል፣ ምክንያቱን ቁልቁለት ላይ ስንደርስ እናየዋለን። ገመዱ ከቀበቶው ጋር የሚገናኝበት መንጠቆ በጓንት እጅ፣ ገመዱ እንደተወጠረ፣ በአንድ መሳብ መለቀቅ አለበት። ተራ የቁልፍ መያዣ ቀለበት ገመዱ ሲወጠር አይከፈትም፤ ሰዎች ይህን የሚያውቁት መክፈት ባስፈለጋቸው ሰዓት ነው። መንጠቆው ውስጥ የገባ እርጥብ በረዶም ሊደርቅበት ስለሚችል በየጊዜው መነካካት ጥሩ ነው።

ውሻው የሚለብሰው ሃርነስ፣ ማለትም የአካል ማሰሪያ፣ የመጎተቻ ይሁን፤ የአንገት ማሰሪያም ሆነ ለእግር ጉዞ የሚሸጠው አይሆንም። በደንብ የተለካ ሃርነስ ጫናውን በደረት አጥንትና በትከሻ ላይ ያሳርፋል፣ ጉሮሮን አይነካም፣ የፊት እግርንም ወደ ፊት ከመዘርጋት አይከለክልም።

ሁለት ውሻ ያለው ሰው ጎን ለጎን ማሰር ይለምድበታል። በጠባብ የተረገጠ መንገድ ላይ ግን አንዱ ሁልጊዜ ከዳሩ እየወደቀ ሲዋኝ ይውላል። በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች የነበሩ የድሮ ተጓዦች ውሾቻቸውን አንዱን ከሌላው ኋላ በተርታ ያስሩ የነበሩት ለዚህ ነው፤ ጎን ለጎን በማራገቢያ ቅርጽ ማሰር ሰፊና ጠንካራ የባሕር በረዶ ላይ ለሚጓዙ ሕዝቦች የሚሆን ነው። በተርታ ሲታሰር ፊተኛው መንገድ የሚያውቀው፣ ኋለኛው ጉልበተኛው ይሁን።

ማን ሊጎትት ይችላል? ክብደቱ ከ15 ኪሎ ግራም የማያንስ፣ ጤነኛ፣ መሮጥ የሚወድ ማንኛውም ውሻ። ዝርያ በውድድር ላይ ለውጥ ያመጣል፤ በዚያ የአዳኝ ውሻ ደም ያለባቸው አጭር ጸጉራሞች ይበልጣሉ። በጥልቅ በረዶ ግን እግረ ረጅምና ጸጉረ ድርብ የሆነው ይሻላል፤ አጭር ጸጉሩ ሆዱ በረዶ እየዳሰሰ ስለሚሄድ ቶሎ ይበርደዋል። ቡችላ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ክብደት አይጎትት፤ አጥንቱ ገና አልጠነከረም።

ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው፦ ተነሥ፣ ቁም፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀስ፣ እለፍ፣ እና ገመዱን ወጥሮ መቆም። በአላስካ የሚነገሩት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፣ ውሻው ግን ቋንቋ አይመርጥም። «ቀኝ» እና «ግራ» አጭርና በድምፅ የተራራቁ ስለሆኑ በደንብ ያገለግላሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ወንድና ሴት ውሻ በአንድ ገመድ ካሉ «ሂድ» እና «ሂጂ» እያሉ ማቀላቀል አያስፈልግም፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ይመረጥ። ትእዛዙ የሚሰጠው መገንጠያው ላይ ሲደረስ ሳይሆን አምስት ሜትር ያህል ሲቀር ነው። ከሁሉ አስፈላጊው ገመዱን ወጥሮ መቆም ነው። በጥልቅ በረዶ የወደቀ ሰው ለመነሣት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ውሻው በዚያ መሐል ፊት ሊልስ ከመጣ ገመዱ በስኪ፣ በዘንግና በእግር ላይ ይጠመጠማል። ይህ ትምህርት ስኪ ሳይጫሙ፣ በእግር፣ በበጋ የሚሰጥ ነው።

አሁን እንነሣ። ጉልበት ሸብረክ፣ ክብደት መሐል እግር ላይ፣ እጅ ወደ ፊት። ውሻው ከመነሣቱ በፊት ሰውየው በዘንጉ ይግፋ፤ የቆመ ክብደትን ከቦታው ማንቀሳቀስ ከሁሉ ከባዱ ሥራ ነው። በጉዞ ላይም ሰውየው መንገደኛ እንጂ ጭነት አይደለም። ዳገት ላይ የሚገባው ሙሉ የስኪ እርምጃ ነው፤ ገመዱ ላልቶ መሬት ሲነካ ውሻው እየለፋ አይደለም ማለት ነው፣ ከልክ በላይ ተወጥሮ ሲቀር ደግሞ ሰውየው እየሠራ አይደለም።

ቁልቁለት ከሁሉ አደገኛው ቦታ ነው፣ በጥልቅ በረዶ ደግሞ በተገላቢጦሽ ምክንያት። በደለደለ መንገድ የሚያስፈራው ውሻው መፍጠኑ ነው። እዚህ ግን ስኪው ከላይ እየተንሳፈፈ ሲወርድ ውሻው እየሰመጠ ይዘገያል፣ ስኪው ይደርስበታል። ረዥሙ ገመድ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው፤ የአንድ ሜትር ልዩነት ለመወሰኛ ጊዜ ይሰጣል። ስኪዎችን ፊት ለፊት አጥብቦ፣ ኋላቸውን ከፍቶ ማቆም በጠንካራ መሬት ይሠራል፤ በጥልቅ በረዶ ግን ስኪው ይቀበርና ሰውየውን በአፍጢሙ ይደፋዋል። የሚሻለው ወደ ጎን፣ ወዳልተረገጠው በረዶ መውጣት ነው፤ በረዶው ራሱ ያቆማል። ገደል ቢጤ ቁልቁለት ከሆነ ገና ከላይ ገመዱን ከቀበቶ ፈትቶ ውሻውን ከኋላ ማስከተል ያስፈልጋል። የወደቀ ሰው በእጁ ልነሣ ቢል ክንዱ እስከ ብብቱ ይገባል፤ ሁለቱን ዘንጎች በመስቀል ቅርጽ በረዶው ላይ አጋድሞ መሐላቸውን ተጭኖ ይነሣል።

ስለ ውሻው አካል ጥቂት የማያሻሙ ነገሮች። ከጉዞ በፊት ባሉት አራት ሰዓታት ሙሉ ምግብ አይሰጥ፤ በሞላ ሆድ መሮጥ ጨጓራን ሊያጣምመው ይችላል፣ ይህም ውሻን በሰዓታት ይገድላል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሲቀር ግን ለብ ያለ የሥጋ መረቅ፣ ለ25 ኪሎ ውሻ ግማሽ ሊትር ያህል፣ ይሰጠው፤ ንጹሕ ውሃ በብርድ ብዙ ውሾች እምቢ ይላሉ። እየሮጠ በረዶ ጎረስ ጎረስ ማድረጉ አፉን ያቀዘቅዝለታል፣ ጥሙን ግን አያረካም፤ ያንን በረዶ ለማቅለጥም የሰውነቱን ሙቀት ያወጣል።

ሰው የማይጠብቀው ችግር ሙቀት ነው። የውሻ መደበኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ በሥራ ላይ ከ40 ያልፋል፣ ከ41 በላይ ግን አደጋ ነው። ጸጉረ ድርብ ውሻ በጥልቅ በረዶ ሲታገል ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ እንኳ ሊግል ይችላል። ምላሱ ጫፉ ሰፍቶ ከተንጠለጠለ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ የኋላ እግሩ ከተንገዳገደ ወዲያው ይቁም፤ ሃርነሱ ይውለቅለት፣ በረዶ ላይ ይተኛ።

መዳፍ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ዜሮ በተጠጋ እርጥብ በረዶ ላይ በጣቶቹ መሐል ያለው ጸጉር በረዶ እየያዘ ጠጠር ይሠራል፤ ውሻው እየቆመ እግሩን የሚልሰው ለዚህ ነው። በጽኑ ብርድ ደግሞ የቅንጣቶቹ ጠርዝ ቆዳን ይፍቃል። ለሁለቱም መፍትሔው የጣት መሐል ጸጉርን ከርክሞ በጠንካራ ናይሎን የተሰፋ የውሻ ካልሲ ማልበስ ነው። ማሰሪያው ከአንጓው በላይ ይጠበቅ፣ አንድ ጣት ግን ያስገባ፤ ከጠበቀ ደም ያግዳል፣ ጣቶቹም በብርድ ይጎዳሉ። ለእረፍት ሲቆም ይውለቅ። በጥልቅ በረዶ ካልሲ በጣም ይጠፋል። በአላስካ የሚካሄደው የኢዲታሮድ የረጅም ርቀት የውሻ ተንሸራታች ውድድር ሕግ ለእያንዳንዱ ውሻ ስምንት ካልሲ ያስገድዳል፤ ለሁለት ሰዓት ጉዞም ቢሆን ከአራቱ ሌላ ሁለት ትርፍ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ውጭ ያሉትን አደጋዎች ባጭሩ። ሐይቅና ወንዝ ላይ ጥልቅ በረዶ ሁለት ነገር ይሠራል፦ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከሥሩ ያለው የረጋ ውሃ እንዳይወፍር ይከላከላል፣ በክብደቱም ወደ ታች ይጫነዋል። ያን ጊዜ ውሃ በስንጥቅ ወጥቶ ከበረዶው ሥር ይተኛል፤ ከላይ ምንም አይታይም። የስኪው ሆድ ከረጠበ በብርዱ ወዲያው በረዶ ይጋገርበታልና መፋቂያ ያስፈልጋል፤ የውሻው እግር ከረጠበ ደግሞ ጉዞው አልቋል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ለእግረኛ የሚመከረው ዝቅተኛ ውፍረት 10 ሴንቲሜትር ጥርት ያለ ግግር ነው፤ ነጩ ግግር የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚሸከመው። ተራራማ አገር ላይ ያለ ሰው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያጋድል ዳገት ሥር ከአዲስ በረዶ በኋላ አይለፍ። ጥቅጥቅ ባለ የጥድ ዛፍ ግንድ ዙሪያ ባዶ ጉድጓድ ስለሚደበቅ ውሻው እንዳይገባበት መራቅ ነው።

ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ግን ባጭሩ አይታለፍም። ጥልቅ በረዶ እሱንም ያደክመዋል፤ እኛ የረገጥነውን መንገድ አግኝቶ ይወጣበታል፣ ከወጣም በኋላ ለማንም አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1985 በኢዲታሮድ ላይ አንዲት ሙስ የተወዳዳሪዋ የሱዛን ቡቸር ውሾች መሐል ገብታ ሁለቱን ገድላለች፣ ሌሎችንም አቁስላለች፤ ቡቸር ከውድድሩ ወጥታለች። በ2024 ደግሞ በዚያው ውድድር ተወዳዳሪው ዳላስ ሲቪ ውሾቹን ከጥቃት ለማዳን ሙስ ተኩሶ ገድሏል። በስኪ ላይ ያለ ሰው ያለው አማራጭ አንድ ነው፦ ከሩቅ መቆም፣ ውሻውን ገመዱን በእጅ እየሰበሰቡ ማቅረብ፣ ዞሮ መመለስ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈችና የማጅራቷ ጸጉር ከቆመ ጊዜ የለም፤ ሰውየው ከወፍራም ዛፍ ኋላ ይግባ። ውሻው ሲጮህባት ነገሩ ይብሳል፤ «እለፍ» የሚለው ትእዛዝ አስቀድሞ የሚለመደው ለእንዲህ ያለው ቀንም ነው።

ከጉዞ በኋላ መጀመሪያ ሃርነሱ ይውለቅ፣ በብብትና በጭን መሐል የተጋገረው በረዶ በእጅ ይራገፍ። መዳፉ አንድ በአንድ ተገልጦ ይታይ፤ ወንድ ውሻ ከሆነ ብልቱ፣ ሴት ከሆነች ጡቶቿ ብርድ እንዳልመታቸው ይታይ። መረቅ ወዲያው፣ ምግብ ከአንድ ሰዓት በኋላ። የፊት እግር አንጓውን ቀስ አድርጎ ማጠፍና መዘርጋት ያስፈልጋል፤ በለስላሳ መንገድ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ አንጓና ትከሻ ነው። ሲታጠፍ ከሸሸ ወይም በማግስቱ ጠዋት ሲነሣ ካነከሰ ቢያንስ ሁለት ቀን ይረፍ፤ ካልተሻለው የእንስሳት ሐኪም ይየው። ውሻው በሚያርፍበት ቀን ሰውየው በስኖውሹ ወጥቶ የተበሱትን ቦታዎች ይሙላ፣ ዳሩንም ይርገጥ።